ግራሯ ውኃ የምትጠጣው ከየት ነው?

ሰኔ ገብቷል። እኛ ቡታጅራ ከሰዓት በኋላ የዘቢዳር ተራራ በደመና መሸፈን ሲጀምር፣ ልጆች ከገመድ ላይ ልብስ ለማንሳት ይሯሯጣሉ። የተከላ ወቅት ነውና በየመንገዱ ዳር ጥቁር ላስቲክ የለበሱ ችግኞች ተደርድረዋል። እኔም እንደ ወጉ የዚህን ወር ጽሑፍ «ዘንድሮ ምን እንትከል?» በሚል ልጀምረው አስቤ ነበር። የካቲት ላይ ግቢያችን ውስጥ የተቆፈረ አንድ ጉድጓድ ግን ሐሳቤን አስቀየረኝ። ስለዚህ ዛሬ የማወጋችሁ ዓይናችን ስለማያየው የተክል ግማሽ አካል፣ ስለ ሥር ነው።

የሞተችው ግራቪሊያ

ታናሿ ልጄ አንደኛ ክፍል ልትገባ በተዘጋጀችበት ክረምት አንድ የግራቪሊያ ችግኝ ገዝተን ከመስኮቷ ፊት ለፊት ተከልን። «የእኔ ዛፍ» ነበር የምትለው። ክረምቱን አማረበት። መስከረም ላይ ከወገቧ በላይ ደርሶ ነበር። ዝናቡ ሲያቆም ደግሞ ውኃ ማጠጣቱ የእሷ ሥራ ሆነ። ሁልጊዜ ማታ ማታ አንድ ጣሳ ውኃ ታፈስለታለች። እኛ ሰፈር ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ስለሆነ ከአንድ ጣሳ በላይ እንዳታፈስ ያልኳት እኔው ነኝ። «ትንሽም ቢሆን በየቀኑ ካገኘ ይበቃዋል» ብዬ አስተማርኳት።

በሁለተኛው በጋ ቅጠሉ ከጫፍ ጀምሮ ቡናማ ሆነ። ከዚያ ቅርንጫፉ ደረቀ። ጥር ላይ ባለቤቴ በአንድ እጁ ይዞ ሳብ ቢያደርገው፣ ምንም ሳያስቸግር ተነቅሎ ወጣ። ልጄ ምንም አልተናገረችም። የተነቀለውን ችግኝ ሳየው የገባኝ ነገር ግን እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። ሥሩ በሙሉ የአንድ ስንዝር ጥልቀት እንኳ አልነበረውም። ሁለት ዓመት ሙሉ መሬት ውስጥ ቆይቶም የላስቲኩን ቅርጽ እንደያዘ፣ እንደ ተጠቀለለ ክር ራሱን በራሱ እየዞረ ነበር የኖረው። 

ከአጥሩ ጥግ፣ ማንም ያልተከላትና ማንም አንዲት ጠብታ አጠጥቷት የማያውቅ ግራር ደግሞ በዚያው በጋ አረንጓዴ እንደሆነች ቆማለች። ይህ ነገር አላስችል ብሎኝ ሰነበተ።

የካቲት ላይ የተቆፈረው ጉድጓድ

ግራሯን ባለቤቴ አይወዳትም። እሾኋ የመኪና ጎማ ይበሳል፤ ቆማ ያለችውም ሰርቪስ ቤት ልንሠራበት ባሰብነው ቦታ ላይ ነው። «ሁለት ጆንያ ከሰል ይወጣታል፣ ወጪያችንን ትደጉመናለች» ይል ነበር። የግራር ከሰል ገበያ ላይ እንዴት እንደሚፈለግ ታውቃላችሁ፤ አስተሳሰቡ ከብዙ ሰው የተለየ አልነበረም። ከመቁረጣችን በፊት ግን የመጸዳጃ ቤቱ ጉድጓድ ይቅደም ተባለና ሁለት ቆፋሪዎች መጡ። ቦታው ከግራሯ ግንድ ሦስት ሜትር ያህል ይርቃል።

ቤታችን ያለው ከከተማው ዝቅ ብሎ ወደ እንሴኖ በሚወስደው አቅጣጫ ነው። አካፋ ሲገባበት ቀይ ገረጋንቲ የተቀላቀለበት አሸዋማ አፈር ይወጣል። ቡታጅራ በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናትና ይህ አያስደንቅም። በዙሪያችን የሚታዩት ክብ ክብ ኮረብቶች ጥንት እሳተ ገሞራ የተፋቸው ናቸው፤ ብዙ ጎብኚ የሚመጣላት የሐረ ሸይጣን ሐይቅም እንዲሁ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በተፈጠረ ጉድጓድ ውስጥ የተኛች ናት። ገረጋንቲውም የዚያ ዘመን ትሩፋት ነው። ለመንገድ ሥራ ግሩም ነው፤ ለጓሮ አትክልት ግን ውኃ የማይዝ ወንፊት ነው እያልን እናማርረዋለን።

ቆፋሪዎቹ ገና አንድ ሜትር ሳይወርዱ የእጅ አንጓ የሚያክል ሥር አገኙ። ወደ ጎን የሚሄድ መስሏቸው ነበር። ሥሩ ግን ዘመም ብሎ ቁልቁል ይወርዳል። ሁለት ሜትር፣ ሦስት ሜትር፤ አሁንም አለ። አራት ሜትር ተኩል ላይ ሲደርሱ አውራ ጣት አክሎ ገና ወደ ታች ይሄዳል። አንደኛው ቆፋሪ ከታች ሆኖ «እቴዬ፣ ይሄ ነገር መጨረሻም የለው!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ በዘንቢል አፈር ላከልን። ልጄ እፍኝ ሙሉ አንስታ ጨበጠችው፤ ጠጠሩ እርስ በርሱ ተጣበቀ። ጉንጯ ላይ አድርጋው «ቀዝቃዛ ነው!» አለች። የካቲት ነው። ከላይ አቧራው እግር ያቃጥላል። ከታች ግን ያለፈው ክረምት ዝናብ እስካሁን አልጠፋም።

ግራሯ ውኃ የምትጠጣው ከየት እንደሆነ ያን ዕለት አየን።

አሸዋ ውኃውን የት ያደርሰዋል?

ከዚያ በኋላ ያገኘሁትን መጽሐፍ ሁሉ ማገላበጥ ጀመርኩ። አንድ ጓደኛዬም በእርሻ ምርምር ሥራ ላይ ስላለች ስልኳን አሰለቸኋት። ከተረዳሁት ውስጥ በጣም የገረመኝ፣ አሸዋን በከንቱ ስናማው መኖራችን ነው።

ጥቁር አፈር፣ ማለትም መረሬ፣ ዝናብ ሲዘንብበት ውኃውን ከላይ ይይዛል። ነገር ግን ፀሐይ ሲወጣ ያው ከላይ የያዘውን መልሶ ለአየሩ ይሰጣል፤ የቀረውንም አጥብቆ ስለሚይዘው ሥር በቀላሉ አይመጠውም። አሸዋ ግን በጠጠሮቹ መካከል ሰፊ ክፍተት ስላለው ውኃውን ቶሎ ወደ ታች ያሳልፈዋል። የላይኛው ድርብ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይደርቅና እንደ ብርድ ልብስ ይሆናል፤ ከሥሩ ያለው እርጥበት ወደ ላይ ወጥቶ እንዳይተን ይከለክላል። ስለዚህ ዝናብ በሚያንስበት አገር፣ አሸዋማ መሬት ጥልቅ ሥር ላለው ተክል ከሸክላ አፈር የተሻለ የውኃ ጎተራ ሊሆን ይችላል። ችግሩ ጎተራው ከታች መሆኑ ነው። መውረድ የቻለ ይበላል፤ ያልቻለ ደጃፉ ላይ ይሞታል።

የበረሃ ቁጥቋጦዎችና ግራሮች ሕይወታቸውን የሚጀምሩት በዚህ ስሌት ነው። የግራር ዘር በቅላ ገና ሁለት ሦስት ቅጠል እንዳወጣች፣ ከላይ ብታዩዋት አንድ ስንዝር አትሞላም። ከታች ግን ሥሯ የቁመቷን ብዙ እጥፍ ወርዷል። የመጀመሪያውን ዝናብ ተከትላ፣ እርጥበቱ ሲወርድ አብራው ትወርዳለች። ውኃው ሳያመልጣት ከደረሰች ትኖራለች። ቅርንጫፍና ግንድ የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው።

ሁሉም ግን ቁልቁል ብቻ አይሄዱም። አንዳንዶቹ ሥራቸውን ከአፈሩ ገጽ ብዙም ሳይርቁ ወደ ጎን ይዘረጋሉ፤ ዝናብ ጠብ ሲል ወደ ታች ከማለፉ በፊት ይቀልቡታል። ብዙ ግራሮች ሁለቱንም ያደርጋሉ፤ አንዱ ሥር ለዕለት ጉርስ፣ ሌላው ለክፉ ቀን። በአሸዋ ላይ የሚበቅሉ አንዳንድ ሣሮች ደግሞ ከሥራቸው ሙጫ መሰል ነገር አመንጭተው የአሸዋውን ቅንጣት በዙሪያቸው ያጣብቁና እንደ ካልሲ ይለብሱታል። ሥሩ ከትኩሱ አሸዋ ጋር በቀጥታ አይነካካም፤ ያለችውን እርጥበትም ያቅፋል።

የግራር ሥር ምን ያህል ሊወርድ እንደሚችል የሚያሳይ አንድ እውነተኛ ታሪክ ልንገራችሁ። በምዕራብ አፍሪካ፣ በኒጀር፣ ቴኔሬ የሚባል በረሃ አለ። እዚያ በመቶዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ዙሪያ ሌላ ዛፍ በሌለበት አንዲት ግራር ብቻዋን ትኖር ነበር። የጨው ነጋዴዎች ግመሎቻቸውን እየነዱ መንገዱን የሚለዩት በእሷ ነበር፤ ካርታ ላይ ሳይቀር ተመዝግባለች። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ በአጠገቧ የውኃ ጉድጓድ ሲቆፈር፣ ሥሯ ከ30 ሜትር በላይ ወርዶ ውኃ ላይ መድረሱ ታየ። በረሃው ያልጣላትን ዛፍ እ.ኤ.አ. በ1973 አንድ የጭነት መኪና ገጭቶ ጣላት። ዛሬ ግንዷ በዋና ከተማው በኒያሜ ሙዚየም ውስጥ ነው፤ በቦታዋ ደግሞ የብረት ዛፍ ቆሞላታል። ይህን ታሪክ ለባለቤቴ ሳነብለት ዝም ብሎ ሰማኝ። ቀጥሎም ወደ አጥሩ ጥግ ተመለከተ።

ሌላም ነገር አለ። በታንዛኒያ ዣንጥላ በሚመስሉት ግራሮች ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ሌሊት ሌሊት ሥራቸው ከጥልቁ የሳበው ውኃ በላይኞቹ ሥሮች በኩል ወደ ደረቁ የላይ አፈር በመጠኑ ይፈስሳል። ዛፏ ራሷም ሣሩም ከዚያው ይሻማሉ። እኛ ግቢ ከግራሯ ሥር ያለው ሣር ለምን መጨረሻ ላይ እንደሚደርቅ አንዱ ምክንያት ይህ ይሆን ይሆናል፤ ጥላዋና የሚረግፈው ቅጠሏም ድርሻ አላቸው።

ቅርንጫፍም ልክ ያውቃል

ሥር ገቢ ከሆነ ቅርንጫፍና ቅጠል ወጪ ናቸው። የደረቅ አገር ተክል ወጪውን የሚቆጥብበት ብልሃት ብዙ ነው፤ አብዛኛውን ደግሞ ሩቅ ሳትሄዱ ከቡታጅራ እስከ ባቱ ባለው መንገድ ዳር ታዩታላችሁ።

ግራርን ውሰዱ። ቅጠሏ ትንንሽ ሆና የተከፋፈለች ናት፤ ትንሽ ቅጠል ነፋስ ቶሎ ያቀዘቅዘዋል፣ የሚያባክነውም ውኃ ያንሳል። ብዙዎቹ የግራር ዓይነቶች ሲመሽ ቅጠላቸውን ያጥፋሉ። ከላይ ጠፍጣፋ የሆነው ዘውዷ ደግሞ ለራሷ ሥር ጥላ ይሆናል።

ክትክታን አስተውላችሁት ታውቃላችሁ? ቅጠሉ ቫርኒሽ እንደተቀባ እንጨት ያብረቀርቃል፤ ስትነኩትም ይጣበቃል። ያ ሙጫ ውኃ እንዳይተን የሚከላከል ሽፋን ነው። አጋም ደግሞ ቅጠሉ እንደ ቆዳ ወፍራም ነው፤ እሾሁም ወደ እሾህነት የተለወጠ ቅርንጫፍ ነው። ቅጠል ማብቀል የተወደደበት አገር ላይ ያበቀሉትን ከፍየል መጠበቅ ያስፈልጋላ!

ከሁሉ የሚገርመኝ ቅንጭብ ነው። ስንቶቻችን አጥራችን ላይ አለ? ቅጠሉ እንደ ኢምንት ናት፤ ወዲያውም ትረግፋለች። የቅጠሉን ሥራ የሚሠራው እርሳስ የመሰለው አረንጓዴ ቅርንጫፉ ነው። ያውም ቅርንጫፉ የመተንፈሻ ቀዳዳዎቹን የሚከፍተው በአብዛኛው ሌሊት፣ አየሩ ሲቀዘቅዝ ነው። ቀን ዘግቶ ይውላል። (እግረ መንገዴን ለወላጆች፦ ነጩ የቅንጭብ ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ አደገኛ ነው። ልጆች ቅርንጫፉን እየሰበሩ እንዳይጫወቱ፤ ከገባባቸው ዓይናቸውን ቶሎ በብዙ ንጹሕ ውኃ አጥባችሁ ሐኪም ጋ ውሰዷቸው።)

አሸዋው የሚንቀሳቀስበት እውነተኛ በረሃ ላይ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። ነፋስ አሸዋ አምጥቶ ቁጥቋጦውን ይቀብረዋል። ሌላው ተክል በዚህ ይሞታል። የአሸዋ ቁጥቋጦዎች ግን የተቀበረው ቅርንጫፋቸው አዲስ ሥር ያወጣል፤ ጫፉም ከአሸዋው በላይ ብቅ ይላል። አሸዋው እንደገና ይከመራል፤ ቁጥቋጦውም እንደገና ይወጣል። ውሎ አድሮ እሱ ባለበት ቦታ ላይ ጉብታ ይሠራል። ልትቀብረው የመጣችው አሸዋ መቆሚያው ትሆናለች ማለት ነው። ቅንጭብን ቆርጠን አፈር ላይ ስንሰካው ሥር የሚያወጣው በዚሁ ዓይነት ችሎታ ነው። ድርቁ ሲበረታም ብዙ ቁጥቋጦዎች አንዳንድ ቅርንጫፋቸውን ለይተው ያደርቃሉ፤ ያለችው ውኃ ለቀሩት እንድትበቃ። ግማሽ ጎኑ የደረቀ ቁጥቋጦ ስናይ ሞተ ብለን ለማገዶ የምንቆርጠው እንግዲህ ለመኖር ሲል የቆጠበውን ነው።

ወደ መቂና ባቱ ዝቅ ስትሉ ማሳ ውስጥ ለብቻው የሚቆመውን ገርቢ የተባለውን ግራር ተመልከቱ። ሌላው ዛፍ ቅጠሉን በበጋ ሲያራግፍ ገርቢ የሚያራግፈው በክረምት ነው። ሰብሉ ፀሐይ በሚፈልግበት ሰዓት ጥላውን ያነሳለታል፤ የረገፈው ቅጠሉ ማዳበሪያ ይሆናል። በበጋ ለምልሞ ለከብቱ ጥላና ምግብ ይሰጣል። ይህን ማድረግ የሚችለው ሥሩ ከጥልቁ ውኃ ላይ ስለደረሰ ነው። ገበሬው እያረሰ የማይቆርጠው ያለ ምክንያት አይደለም።

እንሰት በሆዷ፣ ግራር በእግሯ

እናቴ የምትኖረው በወልቂጤ በኩል፣ እምድብር አካባቢ ነው። ለመስቀል እንደ ማንኛውም ጉራጌ ሻንጣችንን ጭነን ወደዚያው ነን። ጓሮዋ እንሰት ነው። እንሰትን ከልጅነት ጀምሮ እየነቀሉ ሌላ ቦታ መትከል፣ እንደገና ነቅሎ ማዛወር የአያት የቅድመ አያት ሙያ ነው። «እንሰት ስትነቀል ትወፍራለች» ትላለች እናቴ።

ባለፈው ዓመት ይህንኑ አምኜ፣ ከትልቋ ግራር ሥር የበቀለች አንዲት ትንሽ ግራር ነቅዬ ሌላ ጥግ ተከልኳት። በአሥር ቀን ውስጥ ደረቀች። እናቴ ስትሰማ ሳቀች፤ ቀጥላ ግን በደንብ አሰበችበትና «እንሰት ስንቋን በሆዷ ይዛ ነው የምትሄደው። ያቺስ ስንቋ የት ነው?» አለችኝ። ለካስ መልሱ ይኸው ነበር። እንሰት ውኃዋን ያጠራቀመችው በግንዷና አምቾ በምንለው ሥረ ግንዷ ውስጥ ነው። ሥሯ ጥልቅ ባይሆንም ለወራት ድርቅ ትችላለች፤ ከ20 ሚሊዮን በላይ እንደሚሆን የሚገመት የአገራችን ሕዝብም ኑሮው ከእሷ ጋር የተሳሰረው ለዚህ ነው። ግራር ግን በሆዷ የያዘችው የለም። ስንቋ እግሯ የደረሰበት ነው። ዋናው ሥሯን ቆርጣችሁ ስታዛውሯት እግሯን ቆርጣችሁ ሂጂ እንደማለት ነው። ግራር ማሳደግ የፈለገ ሰው ዘሩን በቦታው ቢዘራ ይሻለዋል።

ከወልቂጤ በጅማ መንገድ ወደ ግቤ ሸለቆ ስትወርዱ ደግሞ ሌላ የሥር ጉልበት ታያላችሁ። በበጋ ሣሩ ይቃጠላል፤ ቁጥቋጦው ጠቁሮ የሞተ ይመስላል። ዝናብ ሲጥል ከጠቆረው ጉቶ ሥር አዲስ ቅርንጫፍ ያቆጠቁጣል። እሳቱ የደረሰው ከላይ ነው፤ ሀብቱ ከታች ነበር።

ግን ሁሉም ጠንካራ ሥር በረከት አይደለም። አፋር ውስጥ በረሃማነትን ይከላከላል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ የገባውን ፕሮሶፒስ የተባለ ቁጥቋጦ ሰምታችሁ ይሆናል። የዚህ ወገን የሆነ አንድ ዛፍ ሥር አሪዞና ውስጥ ማዕድን ሲቆፈር 53 ሜትር ጥልቀት ላይ ተገኝቷል። አፋር ላይ ይኸው ጉልበቱ የግጦሽ መሬትና የውኃ ዳርቻ አስለቀቀ፤ ከብቶች ፍሬውን በልተው ዘሩን ይዘሩለታል። ስለዚህ «ድርቅ የሚችል ነው» የተባላችሁትን ሁሉ አትትከሉ። የአካባቢያችሁን አገር በቀል ምረጡ።

በዚህ ክረምት ስትተክሉ

እንግዲህ ከሞተችው ግራቪሊያና ከግራሯ የተማርኩትን በአጭሩ ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ ጉድጓዱን ቀደም ብላችሁ ቆፍሩ። 60 በ60 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱም ቢያንስ ያንኑ ያህል ይሁን። የላይኛውን አፈር ለብቻ አስቀምጡና ከተብላላ ፍግ ጋር ቀላቅላችሁ መልሱት።

ሁለተኛ፣ ላስቲኩን ሙሉ በሙሉ አውልቁ። ብዙዎቻችን ከታች ቀደድ አድርገን እንተክላለን። ካወለቃችሁ በኋላ ሥሩን እዩት። ከታች ተጠቅልሎ ከሆነ የተጠቀለለውን ጫፍ በስለት ቁረጡት፤ የቀረውን ዘርጋ አድርጋችሁ ትከሉ። ሲገዙም ረጅም ስለሆነ ብቻ አትምረጡ። በትንሽ ላስቲክ ውስጥ ብዙ የቆየ ረጅም ችግኝ ሥሩ የታነቀ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ፣ ዋናው ይህ ነው፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት አታጠጡ። በየቀኑ አንድ ጣሳ ውኃ የሚያገኝ ሥር የሚኖረው ጣሳው ውኃ በሚደርስበት ቦታ ብቻ ነው። ወደ ታች የሚሄድበት ምክንያት የለውም። ዝናቡ ካቆመ በኋላ በአራት አምስት ቀን አንዴ፣ ከዚያ በሳምንት አንዴ፣ ከዚያም በሁለት ሳምንት አንዴ፣ ግን በደንብ አጠጡ፤ ሃያ ሊትሩን ጀሪካን በዝግታ፣ መሬቱ እየጠጣ እስኪያልቅ። ውኃው ወደ ታች ይሄዳል፤ ሥሩም ይከተለዋል። ልብ በሉ፤ በየቀኑ አንድ ጣሳ በሳምንት ሲደመር ከግማሽ ጀሪካን ብዙ አይርቅም። እኛ ቤት የተበላሸው አሰጣጡም ጭምር ነው።

አራተኛ፣ ውኃ ለሚቸግረው፦ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ታችኛው ክፍሉ ላይ በመርፌ ቀዳድታችሁ ከችግኙ አጠገብ ቅበሩ፤ አፉ ብቻ ከላይ ይቅር። በእሱ ውስጥ ስታፈስሱ ውኃው የሚሄደው በቀጥታ ወደ ሥር ነው። ያልተለበጠ አሮጌ ገንቦም ከዚህ በተሻለ ይሠራል፤ በገላው በኩል በዝግታ ያሳልፋል።

አምስተኛ፣ አፈሩን አልብሱት። ደረቅ ሣር ወይም የደረቀ የእንሰት ቅጠል ይሆናል። የምናማርረው ገረጋንቲም ጥሩ ልብስ ነው። በስፔን ግዛት በላንዛሮቴ ደሴት፣ እ.ኤ.አ. ከ1730 እስከ 1736 የፈነዳው እሳተ ገሞራ መሬታቸውን በጥቁር ጠጠር የሸፈነባቸው ገበሬዎች ያን ጠጠር እንደ ብርድ ልብስ ተጠቅመው ዝናብ በማይበዛበት ደሴት ላይ ወይን ያለማሉ። እኛ ደግሞ በነፃ አለን።

ስድስተኛ፣ የግራር ዘር ለመዝራት ከፈለጋችሁ ዘሩ ላይ የፈላ ውኃ አፍስሱበትና እዚያው ውስጥ እንዲቀዘቅዝ አሳድሩት፤ ጠንካራ ልብሱ ይላላል። ከዚያ በቦታው ዝሩት። ከቤት ግድግዳና ከመጸዳጃ ጉድጓድ ግን አርቁት። እኛን ያየ ይጠንቀቅ።

ጉድጓዱ ምን ሆነ?

ቆፋሪዎቹ «ሥሩን ቆርጠን እንቀጥል ወይስ ቦታ እንቀይር?» ብለው የጠየቁት ባለቤቴን ነበር። የአራት ሜትር ተኩል ሒሳብ ተከፍሏል። ቦታ መቀየር ማለት ያ ገንዘብ ቀለጠ ማለት ነው። እኔ አፌ ላይ የመጣውን ሁሉ ዋጥኩት። እሱ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቁጢጥ ብሎ ብዙ ቆየ። ከዚያ «እኔ እዚህ አገር ሃያ ዓመት ኖሬ ውኃው የት እንዳለ አላወቅኩም፤ እሷ ታውቃለች» አለና ቦታው ይቀየር አለ። መጸዳጃው ከሰርቪስ ቤቱ ጋር ወደ ሌላኛው ጥግ ዞረ። ቤቱ በአንድ ክፍል አነሰ። ስለዚህ ጉዳይ እስካሁን አልፎ አልፎ እንጨቃጨቃለን፤ አልዋሻችሁም።

የተተወውን ጉድጓድ ባዶውን ክፍት መተው ለልጆች አደጋ ነውና ትልልቅ ድንጋይ፣ ከላዩም ገረጋንቲ ሞላንበት። ከቤቱ ግድግዳ ራቅ ያለ ስለሆነ የጣሪያውን አሸንዳ በቱቦ ወደ እሱ አዞርነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ አንድ ሊትር ውኃ ነው። ጣሪያችን 60 ካሬ ይሆናል፤ አሥር ሚሊ ሜትር የዘነበ ዕለት 600 ሊትር፣ ማለትም 30 ጀሪካን ውኃ ወደ መንገድ መፍሰሱ ቀርቶ ወደ ታች ይወርዳል። ባለፈው ሳምንት የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲዘንብ ሁላችንም በረንዳ ላይ ቆመን አየነው። ውኃው እየተንዶቆዶቀ ገባ፤ አልሞላምም።

ልጄ ከዚያ ጉድጓድ ሁለት ሜትር ራቅ ብላ አዲስ ግራቪሊያ ተክላለች። ላስቲኩን ያወለቀችው፣ ሥሩን የዘረጋችውም ራሷ ናት። በዚህ በጋ ጀሪካን መሸከም ስለማትችል የማጠጣቱ ሥራ የአባቷ ሆኗል፤ ቀኑን ቆጥራ የምታስታውሰው ግን እሷ ናት። ይጽደቅ አይጽደቅ የዛሬ ዓመት እነግራችኋለሁ። ትናንት ማታ አንድ ጣሳ ውኃ ይዛ ስትወጣ አገኘኋትና «ዛሬ ተራው አይደለም» አልኳት። «ለእሱ አይደለም» ብላ ወደ አጥሩ ጥግ ሄደች፤ ጣሳውን በሙሉ ግራሯ ሥር አፈሰሰችው። ግራሯ እንደማያስፈልጋት ልነግራት ነበር። ተውኩት።

ችግኝ ስትገዙ ሥሩን ማየት አትርሱ። በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።